ጉማሬ ለማየት ስንሄድ ጭጋግ ቢያጋጥመን

በአዳማ፣ በሞጆ፣ በዓለም ጤና፣ በመቂና በባቱ የምትኖሩ እናቶች፣ የዕረፍት ቀን በመጣ ቁጥር ልጆቻችሁ «ሐይቅ ውሰዱን፣ ጉማሬ አሳዩን» እያሉ ሳያስቸግሯችሁ አይቀሩም። ልጅ በቴሌቪዥን ዓሣ ነባሪ ከውቅያኖስ ብቅ ሲል፣ ዶልፊንም ከመርከብ ጎን እየዘለለ ሲከተል ባየ ማግስት የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። እኛ ባሕር የለንም። ጉማሬ ግን አለን፤ ያለበትም ቦታ ከቤታችን ሩቅ አይደለም። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የምታርፍ ሠራተኛ እናት ጠዋት ተነሥታ፣ ልጆቿን አሳይታ፣ ማታ ቤቷ ልትገባ ትችላለች። ስለዚህ የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ የጀልባ ሽርሽር ነው። ይልቁንም ብዙ ቤተሰብ ሳያስብበት ሄዶ ውኃው ዳር ሲደርስ ስለሚያጋጥመው ስለ ጠዋት ጭጋግ ነው።

በመጀመሪያ ልጆቻችሁ ደስ የሚላቸውን አንድ ነገር ልንገራችሁ። «ዓሣ ነባሪ» የሚለው ስማችን ራሱ ያሳስታል። ዓሣ ነባሪም ሆነ ዶልፊን ዓሣ አይደሉም፤ በሳንባ የሚተነፍሱ፣ ልጅ የሚወልዱ፣ ጡት የሚያጠቡ እንስሳት ናቸው። ጉማሬን ሊቃውንት ለረጅም ጊዜ የአሳማ የቅርብ ዘመድ አድርገው ሲቆጥሩት ኖረዋል። ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ የተደረገው የዘር ምርመራ ግን፣ ዛሬ በምድር ላይ ካሉት እንስሳት ሁሉ ለዓሣ ነባሪና ለዶልፊን የቅርብ ዘመዳቸው ጉማሬ መሆኑን አሳይቷል። የጋራ ቅድመ አያታቸው የኖረው ከ50 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ነው፤ አንዱ ወገን ጨርሶ ወደ ባሕር ገባ፣ ሌላው ቀኑን በውኃ፣ ሌሊቱን በየብስ አድርጎ ቀረ። እንግዲህ ልጃችሁ «ዓሣ ነባሪ አሳዪኝ» ሲል «ዘመዱን አሳይሃለሁ» ብትሉት ውሸት አልሆነባችሁም።

ከአዳማ የተነሣ ቤተሰብ ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ይታጠፍና ቆቃን ያልፋል። በስተግራ የሚታየው የቆቃ ሐይቅ ሰው ሠራሽ ነው፤ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ የተሠራው ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሲጠናቀቅ የአዋሽ ውኃ ተጠራቅሞ የፈጠረው ነው። በቆቃ ጉማሬ አለ፤ ነገር ግን አዞም አለ። በእኔ በኩል ሕፃናት ይዞ ለሚሄድ ቤተሰብ ከቆቃ ይልቅ ወደ ባቱ መዝለቁን እመርጣለሁ። ከቆቃ በኋላ ዓለም ጤና፣ ከዚያ መቂ፣ ከመቂ ቀጥሎም ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው፣ ቀድሞ ዝዋይ ይባል የነበረው የባቱ ከተማ ይገኛል። ደምበል ወይም ዝዋይ የምንለው ሐይቅ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው። ጥልቀቱ ግን ከስፋቱ ጋር የሚመጣጠን አይደለም፤ ጥልቅ በሆነበት ቦታ እንኳ 9 ሜትር ገደማ ነው።

ብዙ መንገደኛ ዓለም ጤና ላይ ቆም ብሎ ሻይ ጠጥቶ ያልፋል። እዚያ ስትቆሙ ዙሪያውን ሜዳ ተመልከቱ። ጉሙ ሜዳው ላይ እንደተኛ ከሆነ፣ ሐይቁም ላይ እንደዚያው ሊሆን እንደሚችል ገምቱ። እንዲህ ባለው ቀን ሹፌሩን «ፍጠን፣ ረፈደብን» እያሉ ማጣደፍ ትርፉ ብርድ ላይ ቆሞ መጠበቅ ስለሆነ፣ ሁለተኛ ሻይ ማዘዙ ይሻላል።

ጭጋጉ የሚመጣው ከየት ነው? በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ሰማዩ ጥርት ብሎ ስለሚያድር ምድር ሙቀቷን በቶሎ ታጣለች። የሐይቁ ውኃ ግን ቀን ሲቀበል የዋለውን የፀሐይ ሙቀት ይዞ ያድራል። ወደ ንጋት ላይ ቀዝቃዛው አየር ከየብስ ወደ ሐይቁ ሲወርድ፣ ለብ ካለው ውኃ የሚነሣው እንፋሎት እዚያው በላዩ ላይ ወደ ጭጋግነት ይለወጣል። በብርድ ጠዋት ለብ ያለ ውኃ የያዘ ሳፋ ደጅ ላይ ስታወጡ የሚታየው ጢስ መሰል ነገር ከዚህ አይለይም። ፀሐይ ጠንከር ስትል፣ ብዙ ጊዜም ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊትና በኋላ ባለው ጊዜ፣ ይበተናል።

ችግሩ ይህ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። ከቀትር በኋላ ደግሞ በስምጥ ሸለቆው ሐይቆች ላይ ነፋስ ይነሣል፤ ሐይቁ ጥልቀት ስለሌለው ሞገዱ አጭርና ተከታታይ እየሆነ ትንሽ ጀልባን ያንገላታል። ጠዋቱ ጸጥ ያለ ነው፣ ግን ዓይን ይጋርዳል። ከሰዓት በኋላው ጥርት ያለ ነው፣ ግን ይንጣል። ለቤተሰብ የሚሆነው ጊዜ በሁለቱ መካከል የሚገኘው ጥቂት ሰዓት ነው። ሁሉም ሰው የሚጣደፈውም፣ ጭጋጉ ሳይገለጥ ጀልባ የሚገባውም ይህ ጊዜ እንዳያመልጠው ሲል ነው።

ስለ ጉማሬው ጠባይ ጥቂት ማወቅ የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው። ሴቷ ከ1 ሺህ 300 ኪሎ ግራም በላይ ትመዝናለች፤ ወንዱ ከ2 ሺህ ሊያልፍ ይችላል። ማታ ከውኃ ወጥቶ እስከ 40 ኪሎ ግራም የሚደርስ ሣር ይግጣል፤ ሐይቁ ዳር የተተከለ አትክልት ካገኘም አይምርም። ሲነጋጋ በለመደው መንገድ ወደ ውኃው ይመለሳል። በዚህ ሰዓት በእርሱና በውኃው መካከል የተገኘ ሰው ከፍ ያለ አደጋ ላይ ነው። ወፍራም እግሩን አይታችሁ አትናቁት፤ በየብስ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል። ስለዚህ ጭጋግ በወረደበት ጠዋት ልጆቻችሁ በደንገሉና በፊላው ውስጥ ለውስጥ እየሮጡ ድብብቆሽ እንዳይጫወቱ አድርጉ። ብዙ እናት ጀልባውን ፈርታ ዳር ላይ ልጇን ትለቃለች፤ ዳሩም ግን ከጀልባው ያላነሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ውኃ ውስጥ ከገባ በኋላ ጉማሬ እንደ ዓሣ አይዋኝም፤ ወለሉን እየረገጠ ይራመዳል። ለመተንፈስ በየ3 እና በየ5 ደቂቃው ብቅ ይላል፤ ተኝቶ እንኳ ሳይነቃ አፍንጫውን አውጥቶ ተንፍሶ ይመለሳል። ስለዚህ በሐይቁ ላይ ምንም አይታይም ማለት ምንም የለም ማለት አይደለም። ሴቷ ስምንት ወር ያህል አርግዛ አንድ ግልገል ትወልዳለች፤ ስትወልድም ከመንጋው ተለይታ ነው። ግልገሉ ውኃ ውስጥ ሆኖ፣ ጆሮውንና አፍንጫውን ዘግቶ ይጠባል። ውኃው ሲጠልቅበት እናቱ ጀርባ ላይ ይወጣል። ወተቷ ሮዝ ቀለም አለው ተብሎ የሚወራውን አትመኑ፤ ወተቷ እንደ ሌላው ነው። ቀላ ያለው፣ ቆዳዋ ከፀሐይ ለመከላከል የሚያወጣው ፈሳሽ ነው። ግልገል የያዘች ጉማሬ ከሁሉም በላይ ቁጡ ናት። ጀልባ በእርሷና በግልገሏ መካከል ቢገባ፣ ጀልባውን ሳትገለብጥ የምትተወው አይመስለኝም። እኛስ ብንሆን?

በዚህ ሐይቅ ዳር በአንድ የታኅሣሥ ቅዳሜ ያየሁትን ላውጋችሁ። ጊዜው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር። ከአዳማ የመጣ አንድ ቤተሰብ፣ ባልና ሚስት፣ አያትና ሦስት ልጆች፣ በጀልባው ማቆሚያ ላይ ቆመዋል። ሚስትየው በአዳማ በአንድ ፋብሪካ ፈረቃ የምትሠራ ናት፤ ይህችን ቅዳሜ ያገኘቻት ከጓደኛዋ ጋር ተቀያይራ ነው። ባልየው ዋጋውን ተከራክሮ ጨርሷል፤ ገንዘቡንም ከፍሏል። ጭጋጉ ከመውረዱ የተነሣ ከማቆሚያው ጫፍ ወዲያ ያለው ውኃ አይታይም። ዓሣ አጥማጆች በሌሊት ያወጡትን ቆሮሶና አምባዛ ሴቶች እየዘረገፉ ይለያሉ። አባ ኮዳዎች ራሰ በራ አናታቸውን አቀርቅረው የዓሣ አንጀት ይጠብቃሉ። ፔሊካኖቹም እንደ ተጠቀለለ ጋቢ ድርብብ ብለው ተቀምጠዋል።

«ወንድሜ፣ ጭጋጉ ትንሽ ይገለጥልንና እንሂድ» አለችው ሚስትየው ባለጀልባውን።

«እትዬ፣ እኔ እዚህ ሐይቅ ላይ ነው ያደግሁት፤ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ» አላት።

ባልየውም ጣልቃ ገብቶ፣ «ገንዘቡን እኮ ከፍለናል፤ ልጆቹም ብርድ ላይ ነው የቆሙት። ሰዓቱ አይለፍብን» አላት።

«አንተ ዓይንህን ጨፍነህ ታውቀው ይሆናል» አለችው ባለጀልባውን፣ «ጉማሬው ግን አንተን አያውቅህም።»

ዳር የቆሙት ሳቁ። አያትየው ነጠላቸውን አጣፍተው አንድ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀመጡና፣ «ልጄ ልክ ናት። እኔ አሁን አልገባም፤ እናንተም ትገቡ እንደሆነ ልጆቹን ለእኔ ተዉልኝ» አሉ። በዚህ ነገሩ ተቆረጠ።

ባለጀልባው ተቆጣ፤ ደግሞም አልፈርድበትም። እርሱ የሚኖረው በምልልስ ቁጥር ነው። አንድ ሰዓት ቆሞ ቢጠብቅ አንድ ተሳፋሪ ቤተሰብ አጣ ማለት ነው፤ ጠዋት የቀዳው ነዳጅም በእጁ አለ። ባልየውም ክፉ ሰው አይደለም። ገንዘብ አስቀድሞ የከፈለ ሰው እግሩ እንደታሰረ ያህል ነው፤ ጭጋጉን እያየ እንኳ «ምን ይሆናል» ይላል።

ሻይ መጣ፣ ብስኩት ተቆረሰ። ከጭጋጉ ውስጥ ወፍራም የሆነ ድምፅ፣ «ሆ ሆ ሆ» የሚል፣ ሽማግሌ ከሆዱ እንደሚስቀው ያለ ተሰማ። ትንሹ ልጅ «ማነው የሚስቀው?» ብሎ ጠየቀ። ባለጀልባውም ጉማሬ መሆኑንና ከደንገሉ ወዲያ በሩቅ እንዳለ ነገረው። ከ2 ሰዓት ተኩል በኋላ ፀሐይ ወጣ ስትል ጭጋጉ ከታች ወደ ላይ እንደ መጋረጃ ሳይሆን እዚህም እዚያም እየተቀደደ መገለጥ ጀመረ። በመጀመሪያ አንድ ታንኳ ታየ፤ ቀጥሎ የደንገሉ ጫፍ። ከዚያም በማቆሚያውና በደንገሉ መካከል፣ በግልጹ ውኃ ላይ፣ ጆሮና አፍንጫ ብቻ የሆኑ ጥቁር ነገሮች ታዩ። ስቆጥራቸው ሰባት ነበሩ። አንደኛዋ ጀርባ ላይ ግልገል ነበረ።

ባለጀልባው ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፣ «እትዬ፣ በዚያ በኩል ነበር የምንወጣው» አላት። ከዚያም ልጆቹን ከወገባቸው እየያዘ አሳፈራቸው፤ በሰፊው ዞሮ፣ ከሩቅ ሆኖ አሳያቸው። ልጆቹ ያዩት እኔ ከዳር ካየሁት ብዙም የሚበልጥ አይመስለኝም፤ ሲመለሱ ግን ሦስቱም በአንድ ጊዜ ነበር የሚናገሩት።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። ያ ሰው ሐይቁን አያውቅም ማለት አይደለም፤ «በሩቅ ነው» ያለውን ድምፅ ግን ጭጋጉ አሳስቶታል። ጉማሬ ሲጮህ ድምፁ ከውኃ በላይም ከውኃ በታችም በአንድ ጊዜ ይሄዳል፤ ሰው በጆሮው ብቻ ርቀቱንና አቅጣጫውን ልለይ ቢል ይስታል። ጉማሬዎቹ ግን እርስ በርሳቸው በድምፅ ይተዋወቃሉ። በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ በሞዛምቢክ የተደረገ ጥናት፣ ጉማሬ የራሱን መንጋ፣ የጎረቤቱንና የባዕዱን ጩኸት ለይቶ እንደሚያውቅ አሳይቷል። የባዕድ ድምፅ ሲሰማም ከሁሉ ይበልጥ ይቆጣል፤ ፋንድያውንም ይረጫል። የሞተር ድምፅ ለእነርሱ ምን እንደሚመስላቸው እንግዲህ እናንተው አስቡት።

በደቡብ አፍሪካ ወገን ባሉ ወንዞች ሰው በታንኳ የሚያዞሩ መሪዎች፣ ጉማሬ ይኖርበታል ብለው በሚጠረጥሩት ቦታ የታንኳውን ጎን ኳ ኳ ያደርጋሉ። ጉማሬው ድምፁን ሰምቶ ብቅ ሲል ያለበት ይታወቃል፤ እነርሱም ይርቃሉ። ሌላው ሕጋቸው ጥልቁን ውኃ ለጉማሬው መተው ነው። የደነገጠ ጉማሬ የሚሮጠው ወደ ጥልቁ ነውና፣ በመንጋውና በጥልቁ መካከል ጀልባ መቆም የለበትም። ይህ ዘዴ ግን ዓይን የሚያይ ሲሆን ነው የሚሠራው። በጭጋግ ውስጥ ጥልቁ ወዴት፣ መንጋው ወዴት እንደሆነ በምን ይለያል?

እንግዲህ ከቤት ሳትወጡ፣ ወይም ቢያንስ ከባለጀልባው ጋር ዋጋ ስትነጋገሩ፣ የምታስቡበትን ልንገራችሁ። ከሁሉ በፊት ገንዘቡ ነው። «ጭጋግ ካለ እንጠብቃለን፤ ለመጠበቁ ተጨማሪ አንከፍልም፤ ጨርሶ ካልተገለጠም ገንዘባችን ይመለሳል» ብላችሁ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ከተቻለም ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ስትመለሱ ክፈሉ። ይህን የሚቀበል ባለጀልባ ታገኛላችሁ፤ የማይቀበለውን ተዉት። ለጥበቃው ጥቂት ብር ብትጨምሩለትም ከተጣደፈ ጉዞ ይረክሳል። «መቼ ነው የሚገለጠው?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ መልሱ ሁልጊዜ «አሁን» ነው። እኔ የምለካው እንዲህ ነው፦ ከማቆሚያው ላይ ቆሜ ጀልባው የሚሄድበትን መንገድ እስከ መጀመሪያው መዞሪያ ድረስ በዓይኔ ካላየሁት አልገባም።

ቀጥሎ የነፍስ አድን ሰደርያው ነው። ብዙዎቻችን ላይፍ ጃኬት የምንለው ማለት ነው። በብዙ ጀልባ ላይ ያለው የአዋቂ መጠን ነው። ለአምስት ዓመት ልጅ የአዋቂ ሰደርያ ማልበስ የአባቱን ኮት እንደ ማልበስ ነው፤ ውኃ ውስጥ ሲወድቅ ሰደርያው ይንሳፈፋል፣ ልጁ ግን በታች በኩል ይወጣል። ልክ መሆኑን ለማወቅ ሁሉንም መቆለፊያና ማሰሪያ ካሰራችሁ በኋላ ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት። አገጩንና ጆሮውን ከዋጠው ሰፊ ነው። በሁለቱ እግሮቹ መካከል የሚታሰር ማሰሪያ ካለው ይሻላል። ሰደርያው የተቀደደ ወይም ውስጡ ያለው ስፖንጅ ውኃ ጠጥቶ የከበደ ከሆነ «ለጊዜው ይሁን» ብላችሁ አትቀበሉት።

ከዚህ በተጨማሪ ሁላችንም ቤት ያለ ነገር አለ፤ ጀሪካን። ክዳኑ በደንብ የተዘጋ ባዶ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በውኃ ላይ 20 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት ይሸከማል፤ ውኃ ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ ብዙው ክብደቱ በውኃው ስለሚደገፍ፣ ይዞት ለመንሳፈፍ ይበቃዋል። እጀታው ላይ ረዘም ያለ ገመድ አስሩበት። ይህ ለሚወረወር እርዳታ ነው እንጂ የሰደርያ ምትክ አይደለም። አንዳንድ ሰው «እኛ ጀሪካን ይዘናል» ብሎ ሰደርያውን ሲተው አይቻለሁ፤ ይህስ አይሆንም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደገለጸው በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 300 ሺህ ያህል ሰዎች ውኃ ውስጥ ሰጥመው ሞተዋል፤ ከአራቱ አንዱ ገደማ አምስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ነበር። የሚሰጥም ልጅ እንደ ፊልሙ አይጮህም፤ አፉ ከውኃ በላይ የሚቆየው ትንፋሽ ለመሳብ ብቻ ስለሆነ ለጩኸት ጊዜ የለውም። በጠራ ቀን ዓይን ያየዋል። በጭጋግ ግን ጸጥታውም ጭጋጉም ተባብረው ይሸፍኑታል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሕፃን አንድ አዋቂ ተመድቦ፣ ያ አዋቂ ስልኩን አውጥቶ ፎቶግራፍ የማያነሣ ይሁን። ፎቶግራፍ የሚያነሣው ልጅ ያልያዘው ነው።

ጀልባው ላይ ዝቅ ብላችሁ ተቀመጡ። ጉማሬው በቀኝ ታየ ሲባል ሁሉም ሰው ወደ ቀኝ የሚነሣ ከሆነ፣ ጉማሬው ሳይነካት ጀልባዋ ራሷ ትገለበጣለች። ከመንጋው ቢያንስ 50 ሜትር ራቁ፤ ከግልገል ደግሞ ከዚያ በላይ። ባለጀልባው «ጠጋ ላድርጋችሁ» ሲል ጉርሻ አስቦ ነውና፣ ጉርሻውን የምትሰጡት ስለራቀ መሆኑን አስቀድማችሁ ንገሩት። አንዲት እናት እንዲህ ብላ ስታስቀው ሰምቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን አልተጠጋም።

ልጆች ዳር ላይ እግራቸውን ነክረው እንዲጫወቱ አትፍቀዱ። ይህ ከጉማሬው ጋር አይገናኝም። በዝዋይ ሐይቅ ዳር ቢልሃርዚያ አለ፤ በሽታው ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በውኃው ውስጥ ሳለ በቆዳ ይገባል። አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰበት የሚመስል ውኃ ካያችሁም ጨርሶ አታስነኩ። እንዲህ ያለው ውኃ መርዝ ሊኖረው ይችላል፤ መርዙም በማፍላት አይጠፋም።

ስትጠብቁ ለልጆቹ የሚሆን ሥራ አለ። ጉማሬው ብቅ ብሎ «ፉፍ» ሲል ሰዓት ያለው ልጅ ይያዝ፤ እንደገና እስኪሰማ ድረስ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ይቁጠር። የተለያዩ ጉማሬዎች ስለሚኖሩ ሂሳቡ ሁልጊዜ አይገጥምም፤ ክርክሩ ግን አንድ ሰዓት ያስኬዳል። ጋቢ ወይም ሹራብ አትርሱ። ከአዳማ ሙቀት የወጣ ሰው የታኅሣሥን የሐይቅ ዳር ጠዋት አይገምተውም፤ ብርድ የያዘው ልጅ ደግሞ ማልቀስ ሲጀምር አባትየው «እንግዲህ እንግባና ይለቅላቸው» ማለቱ አይቀርም።

ለእኛ ይህ ሁሉ የሽርሽር ጉዳይ ነው፤ ሲመቸን እንሄዳለን፣ ሳይመቸን እንመለሳለን። በሐይቁ ላይ አምስት ደሴቶች አሉ፤ ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው። በእነዚህ ደሴቶች የዛይ ሕዝብ ለብዙ መቶ ዓመታት ኖሯል፤ በግራኝም ከዚያ በፊት በዮዲትም ዘመን ታቦትና መጻሕፍት ወደዚህ ተሰደው መጡ ይባላል። ደሴት ላይ የምትኖር እናት ግን ገበያ ለመውጣትም፣ ምጥ ይዟት ሆስፒታል ለመድረስም ያለ ጀልባ መንገድ የላትም። ምጥ ጭጋግ እስኪገለጥ አይጠብቅም። እኛ ለመዝናናት የምንከራከርበትን ጠዋት እርሷ ሌላ አማራጭ ሳይኖራት የምታልፈው መሆኑን ሳስብ፣ ለመጠበቅ ጊዜ ያለው ሰው ሳይጠብቅ መግባቱ ይበልጥ ይገርመኛል።

ከእነዚህ እናቶች አንዳንዶቹ በገበያ ቀን ጠዋት ከደሴት ተነሥተው ባቱ ይደርሳሉ። ከጀልባ ሲወርዱ ጠብቁና ውኃው እንዴት እንዳደረ፣ ጉማሬዎቹን በየት በኩል እንደሰሙ ጠይቋቸው። እኔ የጠየቅኋቸው ሴት ቅርጫታቸውን እያወረዱ፣ «እኛ የመጣንበት ግልጽ ነው፤ በደንገሉ በኩል ግን አሁን አትሂዱ» ነበር ያሉኝ።